ማዘመኛ የቆመበት የኢንተርኔት ስልክ ማዕከል፦ አደጋውን ስለ መለየት፣ ከኢንተርኔት ስለ መነጠልና በጥንቃቄ ስለ መተካት

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የስልክ ማዕከሉ የሚታወሰው ሲበላሽ ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ባለሙያ መጥቶ ኤላስቲክስን ወይም የቆየ ፍሪፒቢኤክስን የመሰለ የስልክ ማዕከል ሶፍትዌር በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ ኤክስቴንሽኖቹን (የውስጥ ስልክ ቁጥሮቹን) ለየክፍሉ አከፋፍሎ፣ የይለፍ ቃሉን ለአስተዳደር አስረክቦ ሄዷል። ስልኩ እስከ ዛሬ ይጠራል፣ ይነሣል፣ ወደ ሌላ ክፍል ይተላለፋል፤ ስለዚህም ማንም አይነካውም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው እንዲህ ያለውን ማዕከል በኃላፊነት ለተረከቡ ሰዎች ነው። ማዕከሉ በደንብ መሥራቱ ስለ ደህንነቱ ምንም አይነግረንም። አዘጋጁ ድጋፉን ካቆመ በኋላ የሚገኝ ክፍተት ለዓለም ሁሉ ይፋ ይወጣል፣ ሰርጎ ገቡም ያነበዋል፤ ማስተካከያው ግን እዚያ ማሽን ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ ክፍተቱ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

እዚህ የምንነጋገረው አስቴሪስክ በተባለው ነፃ የስልክ ማዕከል ሶፍትዌር ላይ ስለተመሠረቱ ማዕከላት ነው፤ በክፍያም በነፃም የተተከሉት ብዙዎቹ የዚህ ቤተሰብ አባላት ናቸውና። ዓመታቱና ወሮቹ በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ በእጅዎ ያለው ምን እንደ ሆነ ይወቁ

የስልክ ማዕከሉን እንደ አንድ ፕሮግራም ማየት የተለመደ ቢሆንም፣ በውስጡ ቢያንስ ሦስት ንብርብሮች አሉ፦ ከታች ስርዓተ ክወናው፣ በመካከል ጥሪውን የሚያገናኘው አስቴሪስክ፣ ከላይ ደግሞ በብሮውዘር የምንከፍተው ማስተዳደሪያ ገጽ። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ የድጋፍ ማብቂያ ቀን አለው፤ ከሦስቱ የአንዱ ቀን ማለፉ ማዕከሉን በሙሉ ለአደጋ ያጋልጣል።

ስርዓተ ክወናው ሴንትኦኤስ ከሆነ መልሱ አጭር ነው። የሴንትኦኤስ 5 ድጋፍ መጋቢት 31 ቀን 2017፣ የሴንትኦኤስ 6 ኅዳር 30 ቀን 2020፣ የሴንትኦኤስ 7 ደግሞ ሰኔ 30 ቀን 2024 አብቅቷል። ስለ አስቴሪስክ፣ ረጅም ድጋፍ ከሚሰጣቸው ስሪቶች መካከል የ11 ጊዜ በ2017፣ የ13 በ2021፣ የ16 በ2023፣ የ18 ደግሞ በ2025 አልቋል፤ ስሪት 20 እስከ 2027፣ ስሪት 22 እስከ 2029 የደህንነት ማስተካከያ ያገኛሉ። ስለ ማስተዳደሪያው ደግሞ፣ ትሪክስቦክስ በ2012 ቆሟል፤ ኤላስቲክስ በ2016 መጨረሻ ወደ ስሪሲኤክስ ኩባንያ ሲተላለፍ በአስቴሪስክ ላይ የነበረው የቀድሞው ነፃ ስርጭት ተቋርጧል፤ ያንን ሥራ ኢሳቤል በሚል ስም የቀጠሉት ሌሎች ናቸው። የፍሪፒቢኤክስ 15 እና 16 ስርጭቶች የተሠሩት በሴንትኦኤስ 7 መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ የላይኛው ገጽ «ሁሉም ዘምኗል» ብሎ በአረንጓዴ ቢያሳይም የታችኛው መሠረት ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል። በዚህ አረንጓዴ ምልክት የሚዘናጋው ሰው ብዙ ነው፤ በተለይ ልብ ሊባል የሚገባውም ይኸው ነው።

ለማረጋገጥ ወደ ሰርቨሩ የትእዛዝ መስጫ ገብተው የስርዓተ ክወናውን መለያ ፋይል ያንብቡ፤ ቀጥሎ አስቴሪስክን ከፍተው ስሪቱን የሚያሳየውን «ኮር ሾው ቨርዥን» የተባለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፉ፤ የማስተዳደሪያውን ስሪት ደግሞ ከራሱ ከገጹ ይውሰዱ። ሦስቱንም ከማብቂያ ቀናቸው ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። የጠረጴዛ ስልኮቹንና የአናሎግ መስመሮችን የሚቀበለውን ጌትዌይ ሞዴልም አብረው ይመዝግቡ፤ እነርሱም የራሳቸው ሶፍትዌር አላቸውና።

ደረጃ 2፦ አጥቂው ምን እንደሚፈልግ ይረዱ

«የእኛን ትንሽ ቢሮ ስልክ ማን ይፈልገዋል?» የሚለው ጥያቄ ከማንም የሥራ ኃላፊ አፍ ይሰማል። መልሱ ቢሮውን በስም የሚፈልግ ሰው አያስፈልግም የሚል ነው። የኢንተርኔት ጥሪን የሚያቋቁመው ሲፕ የተባለው ደንብ የሚሠራበትን ፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) 5060 በመላው ኢንተርኔት የሚያስሱ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ሌት ተቀን ይዞራሉ፤ ማዕከልዎ ለኢንተርኔት ክፍት ከሆነ ሎጉን (የክንውን መዝገቡን) ሲያዩ «ፍሬንድሊ ስካነር» በሚል ስም የመጡ ሙከራዎችን ሳያገኙ አይቀርም። ይህ ሲፕቪሸስ የተባለው የፍተሻ መሣሪያ በነባሪነት የሚጠቀምበት መለያ ነው።

ገንዘቡ የሚገኘው በጥሪው ውስጥ ነው። አጥቂው የመቀበያ ክፍያቸው ከፍተኛ በሆነ አገሮች ውስጥ ወይም በልዩ የአገልግሎት መስመሮች ላይ ቁጥሮችን ይከራያል፤ ወደ እነዚያ ቁጥሮች በሚገባው በእያንዳንዱ ደቂቃ ከቁጥሮቹ አከራይ ድርሻ ይታሰብለታል። ከዚያ በተጠለፈው ማዕከል በኩል በአንድ ጊዜ በብዙ መስመር ይደውላል። ሒሳቡን የሚከፍለው የማዕከሉ ባለቤት ነው፤ በብዙዎቹ ውሎች መሠረት ከመስመርዎ የወጣ ጥሪ የእርስዎ ጥሪ ነውና። ሥራው የሚሠራው ቢሮ በሚዘጋበት ሰዓት፣ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ወይም በበዓል ሰሞን ነው። ከዚህ ሌላ የተቀረጹ ንግግሮችን መስረቅና ማዕከሉን ተረማምዶ ወደ ሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር መሻገር አለ። ሰርቨሩ ከሌላው ኔትወርክ ጋር በአንድ ስዊች ላይ ከተሰካ ይህ አስቸጋሪ አይደለም።

ሦስት ምሳሌዎች ነገሩን በተግባር ያሳያሉ። በ2012 በኤላስቲክስ 2.2 ውስጥ ይፋ የወጣው ክፍተት፣ አብሮት በተጫነው ቪታይገር የተባለ የደንበኞች መመዝገቢያ በኩል፣ ማንም ሰው በይለፍ ቃል ሳይገባ የሰርቨሩን ፋይሎች እንዲያነብ ያስችል ነበር። የመጀመሪያው ኢላማ «አምፖርታል» የተባለው የማዋቀሪያ ፋይል ነበር፤ በውስጡ የዳታቤዙና የአስቴሪስክ ማኔጀር (ሌሎች ፕሮግራሞች አስቴሪስክን የሚያዙበት መግቢያ) የይለፍ ቃላት ሳይመሰጠሩ በግልጽ ተጽፈዋል። ያንን ስሪት ዛሬም የሚያሠራ ቢሮ በሩን ለዚሁ ክፍተት እንደ ከፈተ ነው። ሁለተኛው በፍሪፒቢኤክስ የተገኘውና በሲቪኢ-2019-19006 (በዓለም አቀፍ የክፍተቶች መዝገብ ያለ መለያ ቁጥር) የተመዘገበው፣ ያለ ትክክለኛ የይለፍ ቃል አስተዳዳሪ ሆኖ መግባት የሚያስችል ክፍተት ነው፤ ማስተካከያው በ2019 ቢወጣም፣ ቼክ ፖይንት የተባለው የደህንነት ድርጅት በኅዳር 2020 ባወጣው ጥናት በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 1,200 የሚጠጉ ድርጅቶች የዚህ ዘመቻ ኢላማ እንደ ነበሩ ገልጿል።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በነሐሴ 2025 በፍሪፒቢኤክስ የስልክ ማዋቀሪያ ሞጁል ውስጥ የተገኘውና ሲቪኢ-2025-57819 የተባለው ክፍተት፣ ማስጠንቀቂያው ከመውጣቱ ከአንድ ሳምንት ያህል በፊት ጀምሮ ሲበዘበዝ ነበር። እዚህ ላይ ሐቁን ሙሉ በሙሉ መናገር ይገባል፦ የተጠቁት ስሪት 15፣ 16 እና 17 ስለ ነበሩ፣ ድጋፍ ያለው ሶፍትዌር መጠቀም ብቻውን ከጥቃት አያድንም። ልዩነቱ የታየው ማግስቱን ነው፤ ድጋፍ የነበራቸው ባለቤቶች በቀናት ውስጥ ማስተካከያ አገኙ፣ ምን ምልክት እንደሚፈልጉም ተነገራቸው። ድጋፉ ያለቀበት ማዕከል ባለቤት ግን እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ የሚጠብቀው ነገር የለም።

ደረጃ 3፦ ምንም ከመቀየርዎ በፊት ተሰርጎ እንደ ሆነ ይመርምሩ

ብዙ ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ሁሉንም ማዘመንና ማጽዳት ነው፤ ይህ ማስረጃ ያጠፋል። አስቀድመው የሎግ ፋይሎቹንና የጥሪ መዝገቡን ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡ። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ከጥንቃቄ ያለፈ ምክንያት አለው፤ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀልን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 761/2004 (ዓመተ ምሕረቱ የኢትዮጵያ ነው) በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በመስመርዎ ያለፈ ሕገወጥ ጥሪ ጥያቄ ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ጥሪውን ማን እንዳደረገው የሚያሳየው መዝገብ በእጅዎ መኖር አለበት።

ቀጥሎ የጥሪ መዝገቡን ካለፉት ወራት ጀምረው በሰዓት ቅደም ተከተል ያንብቡ። ሰዓቱን ሲያነቡ ይጠንቀቁ፦ ማሽኑ 02:10 ብሎ የመዘገበው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ ያውም የማሽኑ የሰዓት ቀጣና አዲስ አበባ ተብሎ ከተስተካከለ ነው። የሚፈልጉት ገጽታ ይህን ይመስላል፦ ማንም በማይሠራበት ሌሊት ከአንድ ኤክስቴንሽን፣ ለምሳሌ ከ101፣ ድርጅቱ ምንም ጉዳይ ወደሌለው አገር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስምንት ወይም አሥር ጥሪዎች ወጥተዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶቹ በሰከንዶች ውስጥ ያልተሳኩ ናቸው፣ አጥቂው የመደወያ ቅድመ ቁጥሩን እየቀያየረ ሲሞክር ነበርና፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ተነሥተዋል፣ ርዝመታቸውም እርስ በርሱ ይቀራረባል። የሰው ጥሪ ርዝመቱ የተዘበራረቀ ነው። እንዲህ ያለ እኩልነት ከማሽን በቀር ከማንም አይመጣም።

ከመዝገቡ በኋላ ሰርቨሩን ይመልከቱ። በማስተዳደሪያው ውስጥ ማንም የማያውቀው አስተዳዳሪ ተጨምሯልን? በተያዘለት ሰዓት ሥራ የሚያስነሣው ክሮን ውስጥ ከማይታወቅ አድራሻ ፋይል የሚያወርድ መስመር አለን? የርቀት መግቢያ ቁልፎች ዝርዝር ውስጥ ባዕድ ቁልፍ ተጽፏልን? በ2025ቱ ጥቃት የታወቁት ምልክቶች በድረ ገጹ ማኅደር ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር «ክሊን» የተባለ የተደበቀ ስክሪፕት፣ የፍሪፒቢኤክስ ዋና የማዋቀሪያ ፋይል መጥፋት ወይም መለወጥ፣ እንዲሁም ወደ 9998 የተደወሉ ያልተለመዱ ጥሪዎች ነበሩ። ከእነዚህ አንዱን ቢያገኙ ማሽኑን ለማጽዳት አይሞክሩ። የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፣ የስልክ አገልግሎት ሰጪዎን ወዲያው ያስታውቁ፣ በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ይሂዱ። ምልክት አለማግኘት ግን ንጹሕ ለመሆን ማረጋገጫ አይደለም፤ የማሽኑን ሙሉ ሥልጣን የያዘ ሰው ሎጉንም መሰረዝ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ማዕከሉን ዛሬውኑ ከኢንተርኔት ይነጥሉ

አዲሱን እስኪተክሉ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። የራውተሩን ወይም የፋየርዎሉን ገጽ ከፍተው ወደ ስልክ ሰርቨሩ የሚመሩ የፖርት ማሳለፊያዎችን በሙሉ ያውጡ። የማስተዳደሪያው 80 እና 443፣ የርቀት መግቢያው 22፣ የአስቴሪስክ ማኔጀር 5038፣ የዳታቤዙ 3306 እና የአይኤክስ (የአስቴሪስክ ማዕከላት እርስ በርስ የሚገናኙበት ደንብ) 4569 በማናቸውም ምክንያት ለውጭ መከፈት የለባቸውም፤ ይዝጓቸው። ሰርቨሩ «ዲኤምዜድ» በሚባለው ሁሉም ፖርት በተከፈተበት ቦታ ተቀምጦ ከሆነ ከዚያ ያውጡት። 5060 ደግሞ ከሲፕ ትረንክ (ማዕከሉን ከስልክ ድርጅቱ ጋር የሚያገናኝ የሲፕ መስመር) ሰጪዎ አድራሻ ብቻ እንዲገባ ይገድቡ፤ ድምፁ የሚያልፍባቸውን፣ በተለምዶ ከ10000 እስከ 20000 ያሉትን ፖርቶችም እንዲሁ። የአገልግሎት ሰጪዎን አድራሻዎች ከሎግ ከመገመት ይልቅ ከራሱ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ከቤት የሚሠሩ ሠራተኞች ካሉ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መተላለፊያ) በኩል ይግቡ፤ ቪፒኤኑ ግን በራውተሩ ወይም በሌላ ዘመናዊ ማሽን ላይ ይሁን እንጂ በዚያው በአሮጌው ሰርቨር ላይ አይትከሉት። ከዚያ የሞባይል ዳታ ብቻ በከፈተ ስልክ የማዕከሉን የውጭ አድራሻ በብሮውዘር ይሞክሩ፤ ገጹ ከተከፈተ ሥራው አልተጠናቀቀም። በዋይፋይ ላይ ሆኖ መሞከር ምንም አያረጋግጥም።

በዚህ ሥራ ላይ ሁለት የተለመዱ ምክሮች ይሰጣሉ፤ እኔ ሁለቱንም በቂ ናቸው አልልም። አንደኛው 5060ን ወደ ሌላ ቁጥር መቀየር ሲሆን የፍተሻውን ጫጫታ ይቀንሳል እንጂ ክፍተቱን አይደፍንም። ሌላው ፌይልቱባን ነው። ይህ መሣሪያ የይለፍ ቃል ደጋግመው የሚሞክሩ አድራሻዎችን ያግዳል፤ ከላይ የተጠቀሱት ክፍተቶች ግን የይለፍ ቃል መገመት ስለማያስፈልጋቸው የሚያግደው ሙከራ እንኳ አያይም።

ደረጃ 5፦ ሊደርስ የሚችለውን የሒሳብ ጉዳት ይገድቡ

ገደቡ መደረግ ያለበት በአገልግሎት ሰጪው በኩል ነው። በማዕከሉ ውስጥ የምንጽፈው ክልከላ ማዕከሉን የያዘ ሰው የሚሽረው ክልከላ ነው። ስለዚህ ዓለም አቀፍ ጥሪ የማያስፈልግዎ ከሆነ እንዲዘጋ፣ የሚያስፈልግዎ ከሆነም ለተወሰኑ አገሮች ብቻ እንዲከፈት፣ የቀን የክፍያ ጣሪያና በአንድ ጊዜ የሚወጡ ጥሪዎች ብዛት እንዲወሰን በደብዳቤ ይጠይቁ። ቅድሚያ ክፍያ የሚቻል ከሆነ ሒሳቡ ራሱ ጣሪያ ይሆናል።

በማዕከሉ ውስጥ ደግሞ የሚከተሉትን ይፈጽሙ፦ የማይታወቅ እንግዳ ጥሪ መቀበልን ያጥፉ፤ ከውጭ ደውሎ በማዕከሉ በኩል እንደገና ወደ ውጭ ለመውጣት የሚያስችለውን «ዲሳ» የተባለውን አገልግሎት ይሰርዙ፤ ማንም የማይጠቀምባቸውን ኤክስቴንሽኖች ያስወግዱ፤ የቀሩትን የይለፍ ቃላት በሙሉ ረጅምና የተዘበራረቁ አድርገው ይለውጡ። ለኤክስቴንሽን 101 «101» ወይም «1234» ብሎ የይለፍ ቃል መስጠት በድሮ ተከላዎች ውስጥ እጅግ የተለመደ ነው።

ደረጃ 6፦ ተተኪውን ይምረጡ

በቢሮ የሚቀመጥ ማዕከል ከመረጡ፣ ፍሪፒቢኤክስ 17 በዴቢያን 12 ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ዴቢያን 12 በረጅም ድጋፍ እስከ ሰኔ 2028 ይዘልቃል። ሌላው አማራጭ ማዕከሉን በክላውድ መከራየት ነው፤ ማዘመኑ የአከራዩ ግዴታ ስለሚሆን ባለሙያ ለሌለው ትንሽ ቢሮ የሚበጅ ነው። ሆኖም በክላውድ ያለ ማዕከል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከአንደኛ ፎቅ ወደ ሁለተኛ ፎቅ መደወልም ያቆማል፤ የመስመር መቆራረጥ ባለበት ከተማ በቢሮ የተቀመጠ ማዕከል፣ ከመጠባበቂያ ባትሪ ጋር፣ የውስጥ ጥሪውን አያስተጓጉልም። የትኛውንም ይምረጡ፣ ከሻጩ ሁለት ነገሮችን በውል ያስጽፉ፦ የድጋፉን ማብቂያ ቀንና ማዘመኑን የሚፈጽመውን ወገን።

ከመግዛትዎ በፊት መሣሪያዎቹን ይፈትሹ። ቻንሲፕ የተባለው የአስቴሪስክ የቆየ የሲፕ ሞጁል ከስሪት 21 ጀምሮ ወጥቷል፤ በምትኩ ያለው ፒጄሲፕ ነው፤ ስለዚህ የድሮው ማዋቀሪያ እንዳለ ተገልብጦ አይሠራም። የአናሎግ መስመሮች በአሮጌ ካርድ የሚገቡ ከሆነ ካርዱ በአዲሱ ሰርቨር ማስገቢያ ላይ ላይገጥም ስለሚችል፣ ለብቻው የሚቀመጥ ጌትዌይ በበጀቱ ይካተት።

ደረጃ 7፦ መረጃውን ያሻግሩ፣ ማሽኑን ግን አያሻግሩ

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ደረጃ ነው። ከአሮጌው ማዕከል ሙሉ ባክአፕ ወስዶ በአዲሱ ላይ መመለስ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አጥቂው የፈጠረው አስተዳዳሪ በዳታቤዙ ውስጥ፣ የደበቀው ፋይል በድረ ገጹ ማኅደር ውስጥ ካለ፣ አብሮ ይመጣል። ስለዚህ የሚሻገረው በዓይን ሊነበብ የሚችለው ብቻ ይሁን፦ የኤክስቴንሽን ቁጥሮችና ስሞች በሠንጠረዥ፣ የጥሪ መቀበያ ቡድኖች ዝርዝር፣ «ለአማርኛ አንድን ይጫኑ» የሚሉት የተቀረጹ ድምፆች። የይለፍ ቃል የሚባል ሁሉ፣ የድምፅ መልእክት ሣጥኖችን ምስጢር ቁጥር ጨምሮ፣ እንደ አዲስ ይሰጥ። የሲፕ ትረንኩንም የይለፍ ቃል አገልግሎት ሰጪው እንዲለውጥ ያድርጉ፤ አሮጌው ቃል በአሮጌው ማሽን ላይ በግልጽ ተጽፎ ኖሯልና።

አዲሱን ማዕከል ከሌላው ኔትወርክ በተለየ ቪላን (በዚያው ስዊች ላይ ተነጥሎ የሚፈጠር ኔትወርክ) ላይ ይትከሉት። መጀመሪያ አንድ ክፍል ብቻ ያሻግሩ፤ ገቢ ጥሪ፣ ወጪ ጥሪ፣ ማስተላለፍ፣ የድምፅ መልእክትና ፋክስ ካለ ፋክሱ በየተራ ይሞከሩ። ለድንገተኛ አደጋ የሚደወሉት ቁጥሮች በአዲሱ የመደወያ ደንብ ውስጥ መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ በአዲስ አበባ የፖሊሱ 991 እና የአምቡላንሱ 907፣ በአሜሪካ ለሚገኙ ድርጅቶች ደግሞ 911፣ ያለ ምንም የመውጫ ቁጥር በቀጥታ መደወል አለባቸው። አሜሪካ ውስጥ ከየካቲት 16 ቀን 2020 ወዲህ ለሚተከሉ ማዕከላት ይህ «የካሪ ሕግ» በሚባለው ደንብ የታዘዘ ነው። ሙከራውን ከማድረግዎ በፊት ለድንገተኛ አገልግሎቱ በመደበኛ ቁጥሩ ያስታውቁ። የሽግግሩን ቀን በሳምንቱ መካከል ያድርጉት፤ ዓርብ ማታ የተሻገረ ማዕከል ችግሩ የሚታወቀው ሰኞ ጠዋት ነው።

ደረጃ 8፦ አሮጌውን ማሽን ያሰናብቱ

አሮጌው ሰርቨር «ምናልባት ያስፈልግ ይሆናል» ተብሎ እንደ በራ መቅረት የለበትም። ያጥፉት፤ የጥሪ መዝገቡንና ሕግ ወይም ውል የሚያስገድድዎትን ቅጂ ለይተው በተመሰጠረ ዲስክ ያስቀምጡ፤ የደንበኞች ንግግር የተቀረጸበትን ዲስክ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከመሸጡ ወይም ከመሰጠቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ይደምስሱ። የጠረጴዛ ስልኮቹን ወደ ፋብሪካ ይዘታቸው መልሰው እንደገና ያዋቅሯቸው፤ በውስጣቸው የአሮጌው ሰርቨር አድራሻና የይለፍ ቃል ተቀምጧል። በፋየርዎሉ ላይ ለአሮጌው ሰርቨር የተጻፉት ደንቦች ሁሉ ይሰረዙ። በመጨረሻም የሚቀጥለውን ወር የስልክ ሒሳብ ዝርዝር ከአዲሱ ማዕከል የጥሪ መዝገብ ጋር በመስመር በመስመር ያመሳክሩ፤ በሒሳቡ ላይ ኖሮ በመዝገቡ ላይ የሌለ አንድ ጥሪ እንኳ ቢገኝ፣ የትረንኩ አሮጌ የይለፍ ቃል አሁንም እየሠራ መሆን አለመሆኑን አገልግሎት ሰጪውን በዚያው ቀን ይጠይቁ።